ለሬዲዮዋ ሴት የጻፍኳቸው ሁለት ደብዳቤዎች

ስለ መጀመሪያዎቹ የሬዲዮ ዘፈን አስመራጭ ሴቶች ወሬ በተነሳ ቁጥር ሰው ሁሉ ፈገግ ይላል። አንዱ ሳቋን ያስታውሳል፤ ሌላው ድምጿ እንዴት ይጥም እንደነበር ይናገራል፤ «ያኔ እኮ ዲጄ የሚባል ቃል እንኳ አልነበረም» የሚል አዋቂም አይጠፋም። እኔ ግን ሆዴ ነው የሚባባው። ያቺን ሴት ከማንም በላይ እወዳት ነበር፤ ከማንም በላይ የፈራሁትም እሷን ነው። በአሥራ አራት ዓመቴ አራት እሑድ ሙሉ፣ አፏን በከፈተች ቁጥር እህቴን ታስበላብኛለች እያልኩ ስንቀጠቀጥ ኖሬያለሁ።

የማወራው ስለ መካነ ሰላም ነው፤ ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። አባታችን ከሞተ በኋላ እናቴ ሁለት ሴት ልጆቿን የምታሳድገው ጠላ እየሸጠች ነበር። ከመደቡ በላይ፣ ግድግዳው ላይ በተመታች ጣውላ፣ የቆዳ ልብስ የለበሰ ሬዲዮ ይቀመጣል። አንቴናው ተሰብሮ በሽቦ ተቀጥሏል። ሽቦውን በመስኮቱ ካላወጡት ጥርት ብሎ አይሰማም፤ መስኮቱ ሲከፈት ደግሞ ብርዱ ይገባል። የወሎ ቦረናን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ቢሆንም እሑድ ከሰዓት በኋላ መስኮቱ ይከፈታል፣ ደንበኞቹ ጋቢያቸውን እስከ ጆሯቸው ተጠቅልለው ይቀመጣሉ፣ ሰዓቷ ሲደርስ ያቺ ሴት ከአዲስ አበባ ትመጣለች።

ከእሷ በፊት በሬዲዮ የሴት ድምፅ ሰምተን አናውቅም ማለቴ አይደለም። ዜና የሚያነቡ ነበሩ፤ ስለ ሕፃናት ክትባት የሚመክሩ ነበሩ፤ ተረት የሚያወሩም ነበሩ። ነገር ግን ሁሉም የሚናገሩት ሌላ ሰው የጻፈላቸውን ነበር፤ ያስታውቃል። ይቺኛዋ «እኔ» ትል ነበር። «ይህን ዘፈን እኔ እወደዋለሁ» ትላለች። «ይህን ደግሞ ብዙም አልወደውም፤ ግን ስንት ሰው መርጦታል፣ ምን ላድርግ?» ትልና ትስቃለች። ሴት ልጅ የምትወደውንና የማትወደውን በሬዲዮ ስትናገር የሰማሁት ያኔ ነው። ሸክላውን የምታስቀምጠውም ራሷ ነበረች። መርፌዋ ሸክላው ላይ ስታርፍ የሚሰማው መንሿሿት እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። አንዳንዴ መርፌዋ አንድ ቦታ ላይ ትያዝና ዘፋኙ አንዲቷን ቃል እየደጋገመ ይቀራል። «ይቅርታ፣ ሸክላዋ አርጅታለች፤ እኔም እየተከተልኳት ነው» ስትል ቤቱ በሳቅ ይሞላል።

ጥግ ካልሆነ የማይቀመጡ አንድ ሽማግሌ ደንበኛ ነበሩን። በየሳምንቱ «ይቺ ልጅ ባል የላትም?» ይሉ ነበር።

«ምነው አባባ፣ ልታገቧት አሰባችሁ?» ትላቸዋለች እናቴ።

«ኧረ በአላህ፣ ሳቋን ማን ይችለዋል ብዬ ነው እንጂ።»

የሚወቅሷት ይመስላሉ፤ ግን አንድም እሑድ ቀርተው አያውቁም። መዘግየት የማይችሉትም እሳቸው ነበሩ። ሰዓቷ ሊደርስ ሲል አላፊ አግዳሚውን ሁሉ ዝም በሉ ይላሉ።

የዝግጅቱ ነፍስ ደብዳቤው ነበር። ሰው ዘፈን ይመርጥና ለእገሌ ለእገሊት ብሎ የስም ዝርዝር ይልካል፤ እሷም አንድ በአንድ ታነበዋለች። ከወግዲ የተላከ ደብዳቤ ካለ፣ ቤቱ ውስጥ ያለ የወግዲ ሰው ብርጭቆውን አስቀምጦ ይቆማል። ስሙ የተጠራ ሰው ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ የሚራመደው እንደ ዳኛ ነው። ዓመት ባለፈ ቁጥር «አረብ አገር ላለችው» የሚል ሰላምታ እየበዛ መጣ። ያኔ ቤቱ ፀጥ ይላል። ከእኛ ሰፈር ብቻ ስንት ልጅ ሄዳ ነበር።

ከሄዱት አንዷ እህቴ ናት። በአራት ዓመት ትበልጠኛለች። ፈተና ወደቀች፣ ከርማ ትፈተናለች ስንል የደሴ ደላላ አገኛትና በአሥራ ሰባት ዓመቷ ወደ ጅዳ ተነሳች። ያኔ በእኛ አገር የነበረውን አሠራር የማያውቅ ይኖራልና ልንገረው፦ ወደዚያ የምትሄድ ክርስቲያን ልጅ ስሟን ወደ እስላም ስም ታስለውጣለች። ደላላው አዲስ ስም ይሰጣታል፣ ዕድሜዋንም ከፍ ያደርገዋል፣ ፓስፖርቱም በዚያው ይወጣል። ስሙ ራሱ አልከበደንም። በወሎ በአንድ ቤተ ዘመድ ውስጥ የሁለቱም ሃይማኖት ስም መኖሩ ብርቅ አይደለም፤ የእናቴ አጎት ልጆች ግማሾቹ ይጾማሉ፣ ግማሾቹ ይሰግዳሉ። የከበደን ስሙን መልመዱ ነበር።

እናቴ ሕግ አወጣች። «በአዲሱ ስሟ ካልሆነ እንዳትጠሪያት» አለችኝ። «እዚያ ስትጠራ ዞር ሳትል ብትቀር ጉድ ይፈላል።» እኔም ሦስት ሳምንት እህቴን በማላውቀው ስም ስጠራት ከረምኩ። ረስቼ በስሟ ከጠራኋት እናቴ በማማሰያ ታባርረኛለች። በመጀመሪያው ሳምንት ሁለታችንም በሳቅ ሞተናል። ከጓሮ በአዲሱ ስም እጣራለሁ፣ እሷ ዝም ትላለች፣ ቆይቶ ትዝ ሲላት «አቤት! አቤት!» እያለች ትሮጣለች። በሦስተኛው ሳምንት ግን ገና ስጠራት «አቤት» ማለት ጀመረች፤ ሳቁም ቀረ። የደሴ አውቶቡስ ላይ ስትወጣ በየትኛው ስም ልሰናበታት እንደሚገባኝ አላወቅኩም። ዝም ብዬ ሳምኳት።

የመጀመሪያውን ዓመት ደብዳቤ ይመጣ ነበር። ከዚያ ተቋረጠ። አንድ ወር፣ ሁለት ወር፣ ሰባት ወር። ደላላውን ብናስጠይቅ «ደህና ናት» ከማለት በቀር የሚያውቀው የለም። እናቴ ሰው ፊት አልቅሳ አታውቅም፤ ጌሾው ግን ይበዛባት ጀመር። ጠላው መረረ፤ ደንበኞቹም ምክንያቱን ስለሚያውቁ ሳይናገሩ ይጠጡት ነበር። ማንም ያልነገረኝ ነገር ሆኖ ሳለ እኔም ገብቶኛል፤ እናቴ ልጇ የሞተች መስሏታል። እኔም መስሎኝ ነበር። እንዲህ ያለ ፍርሃት ሰው አይጮኽበትም፤ ይዞት ውሃ ይቀዳል፣ ይዞት ትምህርት ቤት ይሄዳል።

ያኔ ነው ለሬዲዮዋ ሴት የጻፍኩት። ለእናቴ አልነገርኳትም፤ ድንገት ሰምታ ደስ እንዲላት ፈልጌ ነው። ሦስት ገጽ ሞላሁ። የእህቴን ስም ጻፍኩ። ከሥሩ ደግሞ ፓስፖርቷ ላይ ያለውን ስም ጻፍኩ። በራሴ ስሌት ነው፦ እሷ ከሰማችው በስሟ ታውቀዋለች፤ እሷ ካልሰማች ደግሞ በአዲሱ ስሟ የሚያውቋት ሰምተው ይነግሯታል። ያለችበትን ከተማ ጨመርኩ። እንዳይሳሳቱ ብዬ በመጨረሻው ደብዳቤዋ የጠቀሰችውን የአሠሪዋን ቤተሰብ ስም ጨመርኩ። ስለ ስሙ ለውጥ ራሱ አብራርቼ ጽፌያለሁ፤ የሬዲዮዋ ሴት ግራ እንዳይገባት! በዚህ ሁሉ መሐል ከክፍሌ ሦስተኛ መውጣቴንም አልረሳሁም። ፖስታውን ሳጥን ውስጥ ስከተው እንደዚያ ቀን በራሴ ኮርቼ አላውቅም።

በስምንተኛው ቀን ከእኛ ሁለት ቤት ዝቅ ብላ የምትኖር ሴት ቤታችን መጣች። ከሪያድ ተጠርዛ፣ ተይዛ በግድ የተመለሰች፣ እናቴን «እትዬ» እያለች የምታጫውት ደግ ሴት ናት። ያን ቀን ግን ወሬዋ ሌላ ነበር። አንዲት የወግዲ ልጅ፣ እንደ እህቴ ስሟን ለውጣ የሄደች፣ ወንድሟ እንደምንም ብሎ አሠሪዎቿ ቤት ስልክ ደወለላት። በድሮ ስሟ ጠየቀ። እመቤቲቱ «እንዲህ የምትባል እኛ ቤት የለችም» አለች፤ ቆይታ ነገሩን አሰበችበት፣ ልጅቷን ጠራቻት፣ ፓስፖርቷን አወጣችው፣ ፖሊስ መጣ።

«በሐሰት ስም ገብተሻል ብለው ወሰዷት» አለች ጎረቤታችን። «ወላሂ እትዬ፣ እስከ ዛሬ ወዴት እንዳደረሷት የሚያውቅ የለም።»

እናቴ «ያረቢ» ብላ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

እኔ ጠላ የያዘው ጣሳ በእጄ ነበር። እንዴት እንደጠየቅኩ አላውቅም፤ ብቻ ድምፄ ሲወጣ ሰማሁት። «እዚያ ሬዲዮ ይሰማል?» አልኳት።

«ኧረ እሱ አይደል እንዴ ያኖረን!» አለችኝ ፊቷ ፈካ ብሎ። «በአጭር ሞገድ ጥርት ብሎ ይገባል። እሑድ እሑድ ያቺን ሴትዮ የማይሰማ ሐበሻ የለም። ሾፌሩ ይሰማል፣ ዘበኛው ይሰማል፣ ለአሠሪ ወሬ የሚያቀብሉትም ይሰማሉ።»

ጣሳውን መሬት አስቀመጥኩና የብቅሉ ማዳበሪያ ላይ ተቀመጥኩ። እናቴ «ምን ሆነሻል?» ስትለኝ «ቁርጠት» አልኳት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንኳንስ ሬዲዮው፣ ሬዲዮው የተቀመጠባት ጣውላ ታስፈራኝ ነበር።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ጠፍቼ ፖስታ ቤት ሄድኩ። ሠራተኛው ከረባት የማይለየው፣ ሳቅ የማያውቅ ሰው ነው፤ ልጆች እንፈራዋለን።

«ጋሼ፣ ያስገባሁትን ደብዳቤ ትመልሱልኝ?» አልኩት።

«መቼ ነው ያስገባሽው?»

«ባለፈው ሳምንት።»

«ታዲያ አዲስ አበባ ደርሷል። እዚያ ሄደሽ አምጪው።»

ወጥቼ መሄድ ነበረብኝ፤ እግሬ ግን እምቢ አለኝ። መስኮቱን ይዤ ቆምኩ። ከኋላዬ የነበሩት ሰዎች ተስተናግደው ሄዱ፣ እኔ እዚያው ነኝ። መጨረሻ ላይ ሰውየው መነጽሩን አወለቀና አየኝ። «ሰው ሰደብሽ?» አለኝ። ራሴን ግራና ቀኝ ነቀነቅኩ። «የፍቅር ነው?» እንደገና ነቀነቅኩ። ሌላ አልጠየቀኝም። ከመሳቢያው አንድ ወረቀትና ፖስታ አውጥቶ በመስኮቱ ሥር ገፋልኝ። «ያልሽውን በሌላ ደብዳቤ ሻሪው» አለኝ። «ከረጢቱ ነገ ይወጣል። ከላይ አደርግልሻለሁ።»

እዚያው ቆሜ ጻፍኩ። መጀመሪያ የጻፍኩት «ያ ሁሉ ውሸት ነው፣ እኔ እህት የለኝም» የሚል ነበር። ሳነበው ደነገጥኩ። በገዛ እጄ እህቴን የገደልኳት መሰለኝ። ሰርዤ፣ ከሥሩ እውነቱን ጻፍኩ፦ ስሟን ከጠሩት ይይዟታል፣ ሁለቱንም ስም አይጥሩ፣ ከተማውን አይጥሩ፣ የአሠሪዎቿንም አይጥሩ፣ እባክዎ፣ እባክዎ። ሰውየው ፖስታውን ሲቀበለኝ አላነበበውም። ያን ሰው ከዚያ በኋላ ፈርቼው አላውቅም።

ደብዳቤው ግን መድረሱን በምን አውቃለሁ? ክረምቱ ገብቷል። ከአቀስታ ወዲህ ያለው መንገድ ጭቃ ነው፤ አውቶቡሱ አንዳንዴ ሁለት ቀን ቆሞ ያድራል። የመጀመሪያው በደረቁ መንገድ ሄዶ ደርሷል፤ ሁለተኛው ጭቃ ውስጥ ነው። እንዲህ እያልኩ ነበር የምቆጥረው።

የመጀመሪያው እሑድ ሲመጣ የሬዲዮውን ድንጋዮች አውጥቼ ጓሮ ቀበርኳቸው። እናቴ «ድንጋዩ አልቋል» ብላ ይቅርታ ስትጠይቅ ሽማግሌው ከኪሳቸው የእጅ ባትሪያቸውን አወጡ፣ ከውስጡ ሁለት ድንጋይ አራግፈው ሰጧት። «ዛሬ በጨለማ እገባለሁ እንጂ ይቺን ልጅ ሳልሰማ አልሄድም» አሉ። በልቤ ረገምኳቸው። ሬዲዮው ተከፈተ። ገና «እንደምን ዋላችሁ» ስትል ጆሮዬን ይዤ ጓሮ ወጣሁ። ጓሮ ቆሜ ነው የገባኝ። የጎረቤቱ ሬዲዮ ይሰማል፤ የልብስ ሰፊው ሬዲዮ ይሰማል፤ ከተማው ሁሉ እሷን ከፍቷል። ይህን ሁሉ ባዘጋው ደግሞ ጅዳ ያለውን ማን ይዘጋልኛል? የሚያስፈራው እኛ ቤት የሚሰማው አልነበረም። ተመልሼ ገባሁ፣ ቁጭ ብዬ እያንዳንዷን ቃል አዳመጥኩ። አልተነበበም።

በሁለተኛው እሑድ አንዲት ከወሎ የተላከች ደብዳቤ አነበበች። «ከወሎ» ስትል ከመደቡ ብድግ አልኩ። ከኩታበር ሆና ተገኘች፤ ለአክስት ልጅ ሠርግ የተላከ ሰላምታ ነበር። እናቴ ሠርጉን ስትመርቅ እኔ ግድግዳውን ተደግፌ በላብ ተነክሬያለሁ። በሦስተኛው እሑድ መብራት ይሁን ዝናብ አዲስ አበባ ምን እንደሆነ አይታወቅም፣ ድምጿ እየመጣ እየሄደ ዋለ። ያ ከሁሉም የባሰ ነበር። የጠፋው ደቂቃ ውስጥ የእህቴ ስም ይኖር እንደሆነ አላውቅም። ስም ሲባል በሰማሁ ቁጥር እደነግጣለሁ፤ ሳይሰማ ሲቀር ደግሞ የበለጠ እደነግጣለሁ። እናቴ «ይቺ ልጅ ወባ ሳይዛት አልቀረም» ብላ ጤና አዳም አሸተተችኝ። በቦረና ብርድ ወባ!

የምወዳት ሴት ጠላቴ ሆነች። ሳቋ የክፋት መሰለኝ። ይህን አሁን ስናገር አፍራለሁ፤ ያኔ ግን ታማ በቀረች፣ ድምጿ በተዘጋ ብዬ ስለት ተስያለሁ።

በአራተኛው እሑድ አልታመመችም። ሁለት ዘፈን አሰማች፣ አንድ ሸክላ ተያዘባት፣ ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ቶሎ አቆመችው።

«አሁን የማነበው የአንዲት የወሎ ልጅ ደብዳቤ ነው» አለች። «ሁለት ጊዜ ነው የጻፈችልኝ። የኔ ልጅ፣ ሁለቱም ደብዳቤዎችሽ ደርሰውኛል።»

ሁለቱም ያለችው አልገባኝም። ማለት ሰምቼዋለሁ፤ ግን ፍርሃት ላይ ያለ ሰው ጥሩ ወሬ አይገባውም። ወረቀት ሲገለጥ ተሰማ። ሦስት ጊዜ ተገለጠ፤ ቆጥሬዋለሁ፤ የእኔ ሦስት ገጽ ነው። ከዚያ ዝም አለች። ሬዲዮ ውስጥ ዝምታ ሲመጣ ሰው ሁሉ ወደ ሬዲዮው ያያል። እናቴም አየች፤ ሽማግሌውም ብርጭቋቸውን አፋቸው ጋ አድርሰው ቆሙ። አሁን ትለዋለች አልኩ። አሁን ስሟን ትጠራዋለች።

«እህቴ፣ ባለሽበት ደህና ሁኚልኝ» ብላ አነበበች። «እናታችን ደህና ናት። እኔም ከክፍሌ ሦስተኛ ወጣሁ። ወሬሽ ስለጠፋብን ነው እንጂ ሌላ ምንም አልሆንንም።» ከዚያ ሸክላውን አስቀመጠች። መርፌዋ ተንሿሿችና ዘፈኑ ጀመረ።

በቃ። ያ ብቻ ነበር። ስም የለም፣ ከተማ የለም፣ የአሠሪ ቤት የለም። ሦስት ገጼን በአራት መስመር ጨርሳዋለች። እናቴ ጀርባዋን ሰጥታን እንስራውን እየከደነች ነበር፤ አንዴ የከደነችውን እንደገና ትከድናለች። የእኔ መሆኑን ታውቅ እንደሆነ አልጠየቅኳት፣ እሷም አልጠየቀችኝም። ሽማግሌው ብቻ «ዛሬስ ልጂቱ ሳቅ አልበዛባትም» አሉና ጠላቸውን ጨለጡ።

ከሁለት ወር በኋላ የእህቴ ደብዳቤ መጣ። አሠሪ ለውጣ ነበር፤ የድሮዎቹ ደብዳቤ እንዳትልክም እንዳትቀበልም ከልክለዋት ኖሯል። በሕይወት አለች! እናቴ ለሰፈሩ ሁሉ ጠላ በነፃ ቀዳች። እኔ ደግሞ ከዚያ ጀምሮ ራሴን እህቷን ያተረፈች ጀግና አድርጌ ማየት ጀመርኩ። ያቺ ሴት አንድ ቃል ሳታጎድል ያልኳትን አድርጋልኛለች። ሰዎች ስለ ድምጿና ስለ ድፍረቷ ሲያወሩ፣ በእኔ ቤት ትልቁ ሙያዋ ያላነበበችው ነው ብዬ አስብ ነበር። ማንም ያልሰማው ሥራ። ይህን ለብዙ ሰው ነግሬያለሁ፤ ሲሰሙት ደስ ይላቸዋል።

እህቴ በስድስተኛው ዓመት ተመለሰች። ከአውቶቡስ ስትወርድ እናቴ በስሟ ጠራቻት፤ አልዞረችም። ሁለተኛም ጠራቻት። ሄደን ትከሻዋን ስንነካት ነው ያየችን። ከስታለች፣ ፀጉሯ ሳስቷል፣ ሰው ሲያናግራት ዓይኗን መሬት ላይ ትተክላለች። ሳምንታት እስኪያልፉ ስለዚያ አገር ምንም አላለችም፤ እኛም ፈርተን አልጠየቅንም።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሁለታችን ምስር እየለቀምን ነበር። ሬዲዮው ተከፍቷል። የያኔዋ ሴት ዝግጅቱን ትታለች፤ ሌላ ወጣት ሴት ተተክታለች፣ ደብዳቤውም ቀርቶ ሰው በስልክ ይመርጣል። ቀለል ያለ ወሬ መስሎኝ «እዚያ እያለሽ የድሮዋን ሰምተሻት ታውቂያለሽ?» አልኳት።

«አንድ ጊዜ» አለች። «ሰገነት ላይ ልብስ አሰጣ ነበር። የጎረቤት ሠራተኛ ከግንቡ ማዶ ሬዲዮ ከፍታለች። አንዲት የወሎ ልጅ ለእህቷ የጻፈችውን አነበበች። እህቴ ባለሽበት ደህና ሁኚ የሚል። ታድላ፣ ሰው አላት ብዬ እዚያው ተቀምጬ አለቀስኩ።»

ዝም ማለት እችል ነበር፤ ዝም ብል ይሻል እንደነበር እስካሁን አላውቅም። «እኔ ነኝ የጻፍኩት» አልኳት።

እጇ ምስሩ ላይ ቆመ። «ያቺ ልጅ እኮ ከክፍሏ ሦስተኛ የወጣች ናት። አንቺ ሃያኛ ወጥተሽስ ታውቂያለሽ?»

«ያን ዓመት ወጥቻለሁ። ላንቺ ልጽፍልሽ ብዬ ነው ያጠናሁት።»

ወደ ምስሯ ተመለሰች። ከዚያ «ስሜን ለምን አልጻፍሽላትም?» አለችኝ።

«ጽፌው ነበር። ሁለቱንም። እንዳትጠራው የለመንኳት ራሴ ነኝ፤ ሁለተኛ ደብዳቤ ልኬ። ይይዙሻል ብዬ ፈራሁ።»

ከሰፌዱ አንዲት ጠጠር አንስታ በጣቶቿ መሐል አገላበጠቻት። «ደግ አደረግሽ» አለች። «እውነትም ይይዙኝ ነበር።»

ልቤ ተመለሰ። ያን ጊዜ እንኳ ራሴን ልመርቅ ነበር።

«ግን እኔ ያን ዓመት ሁሉ እናቴ ሞታለች፣ አንቺም ረስተሽኛል ብዬ ነው የኖርኩት» አለች፤ ድምጿ ከፍ አላለም። «እናታችን ደህና ናት ስትል እንኳ የሰው እናት መስላኝ ቀናሁባት። በስሜ የሚጠራኝ አንድ ሰው አልነበረም። እኔ ራሴ እየረሳሁት ነበር። ያን ቀን ስሜን ብትጠራው ያስሩኝ ነበር፤ ግን የሚያስሩት እኔን ነበር፤ ፓስፖርቱ ላይ ያለችውን ልጅ አይደለም።»

ሰፌዱን ጭኔ ላይ አስቀምጣልኝ ወደ ጓሮ ወጣች።